ትንንሾቹ ይዘገያሉ

የካቲት 14 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ ረቡዕ፤ ፍኖተ ሰላም

ሳጥኑ ተከፈተ! ሁለት ዓመት ሙሉ በኮሌጁ ላቦራቶሪ ጥግ ተቀምጦ የሠራተኛው ሁሉ ኮት ማስቀመጫ የነበረው ሳጥን ዛሬ ጠዋት በአራት ሰዓት በመዶሻና በፒንሳ ተከፈተ። እኔም አጨበጨብኩ። ያጨበጨብኩት ብቻዬን ነው። ውስጡ ያለውን ክሮማቶግራፍ የሚባል የመለያ መሣሪያ እንዲይዝ የተመደበው የላቦራቶሪ ባለሙያ ደጀኔ ይባላል። ሚስማሮቹን አንድ በአንድ እየነቀለ በጣሳ ውስጥ ሲያጠራቅም ቀና ብሎ አየኝና ወደ ሚስማሩ ተመለሰ። ኩራተኛ ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩን ለራሴ ላስታውስ። የማስተምርበት የቡሬው ትምህርት ቤት የሰጠኝ የትምህርት ፈቃድ ሰኔ 30 ያልቃል። ከዚያ በፊት የማስተርስ ጽሑፌን አስረክቤ ካልተፈተንኩ ዲግሪው ቀረ ማለት ነው፤ ዘጠነኛ ክፍል ገብቼ "አቶም ምንድን ነው?" እያልኩ እንደ ድሮዬ እኖራለሁ። አራት ወር ከግማሽ አለኝ። ይበቃል። ይበቃል እንጂ!

የካቲት 17፣ ቅዳሜ

የቤት አከራዬ እትዬ ዘርትሁን ምን ልታጠኚ መጣሽ ብለው ጠየቁኝ። ሸክላ አልኳቸው። ለሸክላ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ምን ያደርጋል ብለው ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን ሳይጠይቁኝ አስረዳኋቸው። አስተማሪ መሆን በሽታ ነው።

ጨው ወይም ስኳር ውስጡ ሰልፍ ነው፤ ቅንጣቱ ሁሉ ተራውን ይዞ ይቆማል። ሸክላ ግን የቅዳሜ ገበያ ነው። ማንም የትም ይቆማል፤ መካከሉ ቀዳዳ ቀዳዳ ነው፤ ቀዳዳውን ደግሞ ዓይን አያየውም። እና ሸክላውን አደቅቀውና በወንፊት ነፍቼ በቀጭን የብረት ቱቦ ውስጥ እጠቀጥቀዋለሁ። በፓምፕ የጨው ውኃ አሳልፍበታለሁ። ከውኃው ጋር ዴክስትራን የሚሉትን የስኳር ክር እልካለሁ፤ ይኸ ክር ትልቅም ትንሽም ሆኖ ተለክቶ ይመጣል። ትልቁ ቀዳዳው ስለማይበቃው በዋናው መንገድ አልፎ ቀድሞ ይወጣል። ትንሹ በየቀዳዳው እየገባ ይዘገያል። የአዲስ አበባው አውቶቡስ ጅጋን ሳይቆም ያልፋል፤ ዶሮ ግን የሁሉንም ጓሮ ሳታይ አትወጣም። ማን በስንተኛው ደቂቃ እንደወጣ ካወቅሁ የቀዳዳውን ስፋት አሰላዋለሁ። ሌላው ሰው በዚህ መሣሪያ የሚመረምረው ፈሳሹን ነው፤ እኛ ነገሩን ገልብጠን ጠጣሩን እንመረምርበታለን። የጽሑፌ ጥያቄም ይኸው ነው፦ ሸክላን ከማፍሰስ የሚያድነው ምን ዓይነት አተኳኮስ ነው?

እትዬ ዘርትሁን እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ታዲያ ልጀ፣ ውኃ ሞልተሽ ማየት አይሻልም?" አሉኝ።

የካቲት 24፣ ቅዳሜ

ከጅጋ ወጣ ብላ ካለች መንደር ሸክላ ሠሪዋን እማማ ሠርክአዲስን አገኘሁ። አሥራ ስምንት ትንንሽ ድስቶች አዘዝኳቸው፤ ስድስቱ በገለባ እሳት፣ ስድስቱ በእንጨት፣ ስድስቱ ደግሞ በእንጨት ረጅም ሰዓት ተተኩሰው። ሦስተኛውን ሲሰሙ ማን አባቱ ይህን ያህል እንጨት ያነዳል ብለው ተገረሙ፤ ግን እሺ አሉ።

የባጃጁ ሹፌር እስከ በራቸው አላደርስሽም ብሎ መንገድ ላይ አወረደኝ። ለምን አላልኩትም፤ ሸክላ ሠሪን "ቡዳ" የሚሉትን ስለማውቀው ነው ያልጠየቅሁት። መጠየቅ ነበረብኝ። እሳቸው ቤት ገብቼ ሽሮ በላሁ፤ ጥሩ ሽሮ ነው።

መጋቢት 4፣ ማክሰኞ

የመጀመሪያው ጉብታ!!! ስክሪኑ ላይ ያ ቀጥ ያለ መስመር ድንገት ተነሣ፣ ከፍ አለ፣ ተመልሶ ወረደ። በስድስተኛው ደቂቃ ትልቁ ዴክስትራን። ከዚያ መካከለኛው። ከሁሉ በኋላ፣ ሰው ካስጠበቀ ወዲያ፣ ተራው ስኳር። ልክ መጽሐፉ እንዳለው! እስክስታ ወረድኩ፤ እውነቴን ነው፤ ጋውን እንደለበስኩ። ደጀኔ በር ላይ ቆሞ አይቶኛል። "ፓምፑ እንዳይነቃነቅ" ብቻ አለኝ። ሲዞር ግን ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ፤ መሳቁ ነው መሰለኝ።

አንድ የማያኮራ ነገር አለ። ድስቶቹን የምሰብረው ጓዳዬ ውስጥ በር ዘግቼ ነው። ደኅና፣ አዲስ፣ ሰው ለወጥ የሚመኛት ድስት በዘነዘና ስትደቅቅ እትዬ ዘርትሁን እንዲያዩ አልፈልግም። ዛሬ ድምፁን ሰሙና ምነው አሉ። ወደቀችብኝ አልኩ። ትናንትም ወደቀችብኝ ብያለሁ።

መጋቢት 7፣ ዓርብ

ሁለት ተጨማሪ "ወደቁ"። እትዬ ዘርትሁን በሐዘን ያዩኛል። "እናትሽ ምንም አላስተማረችሽም?" አሉኝ። ሁሉን አስተምራኛለች፤ ከሸክላ በስተቀር አልኳቸው። የገለባው እሳትና የእንጨቱ እሳት ውጤት ያው ነው፤ ሁለቱም ወንፊት ናቸው።

መጋቢት 12፣ ረቡዕ

ከቡሬ ተመለስኩ። ለአንድ ፊርማ ሦስት ቀን። ርእሰ መምህሩ "ሰኔ 30 ማለት ሰኔ 30 ነው" ብለው ሁለት ጊዜ ነገሩኝ።

ረጅም ሰዓት የተተኮሱት ስድስቱ ድስቶች ጓዳዬ ውስጥ ባስቀመጥኳቸው ቦታ አሉ። ውስጣቸው ጠቆር ብሏል። ስረከባቸው ልብ አላልኩም ነበር። የረጅም እሳት ምልክት ይሆናል።

እትዬ ዘርትሁን ዛሬ በጣም ደስ ብሏቸዋል። ምን እንደሆነ ስጠይቃቸው ምንም አሉ።

መጋቢት 15፣ ቅዳሜ

ድስቶቹን ላቦራቶሪ ወስጄ ሳደቅቅ ዋልኩ። ደጀኔ ዱቄቱን አሸተተና "ጎመንዘር ጎመንዘር ይላል" አለ። ጾሙ ነው፤ ርቦሃል አልኩት። ዱቄቱን አንዴ ደግሞ አሸተተና ቱቦውን መጠቅጠቅ ጀመረ። ሥራው ላይ ሌላ ሰው ዘንድ ያላየሁት እርጋታ አለው። እጁን ማየት ብቻውን ያሳርፋል። ይህን የጻፍኩት ስለ ቱቦው አሞላል ነው።

መጋቢት 18፣ ማክሰኞ

ምን ብዬ ልጻፈው! መካከለኛው ዴክስትራን ከትልቁ ጋር አብሮ ወጣ! አብሮ! ማለት ሊገባበት የሚችል ቀዳዳ አላገኘም፤ ማለት ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ተዘግተዋል፤ ማለት ረጅም እሳት ሸክላን ይዘጋል! ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት፤ ሦስቱም ጊዜ አንድ ነው። በዚህ እሳት ይዘጋል ብሎ ማንም አልጻፈም። እኔ ነኝ የመጀመሪያዋ። እኔ፣ የቡሬዋ ውዳሴ!

ለአማካሪዬ ለዶክተር ገብረ ሕይወት ባሕር ዳር ደወልኩ። ሲደሰቱ ሰምቻቸው አላውቅም፤ ዛሬ ሰማሁ። ስልኩን እንደዘጋሁ ባጃጅ ይዤ ያለ ጉዳይ ከተማውን ሁለት ጊዜ ዞርኩ። ሹፌሩ የት ልውሰድሽ ሲለኝ ወደፈለግህ አልኩት።

መጋቢት 22፣ ቅዳሜ

ዶክተር ደወሉ። ግንቦት 18 ቀን አዲስ አበባ በሚደረገው የኬሚስቶች ጉባኤ ላይ ውጤቱን እኔው እንዳቀርብ አስመዝግበውኛል። በሕልሜም በውኔም ሰው ፊት ቆሜ እናገራለሁ። እትዬ ዘርትሁን ሻሽ ሊያውሱኝ ቃል ገቡ።

መጋቢት 30፣ ሆሳዕና

ሰሞኑን መብራት የሚመጣው እሑድ እሑድ ስለሆነ ደጀኔ ከቅዳሴ መልስ ላቦራቶሪውን ከፈተልኝ። ከዘንባባው ቀለበት ጎንጉኖ ነበር፤ ሰጠኝ። ለሁሉም ሰው እያደለ መስሎኝ ዙሪያዬን አየሁ፤ ከእኔና ከፓምፑ በቀር ማንም አልነበረም። ለፓምፑ አልሰጠውም። ጣቴ ላይ ልክ ነው። የሆሳዕና ልማድ ነውና ሌላ ትርጉም የለውም።

ሚያዝያ 7፣ ፋሲካ

ዛሬ የሰማሁትን እዚሁ ልጻፈው።

እትዬ ዘርትሁን አብሬያቸው እንድፈስክ ጠሩኝ። ብይ ብለው አጎረሱኝ፣ ጠጪ አሉኝ፤ እኔም ስለ ጉባኤው ሳወራ ቤቱን ሞላሁት። መጨረሻ ላይ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

"እንዲያው ልጠይቅሽ ብየ፣ እነዚያ ድስቶች አሁን አይሰበሩም አይደል? ቡሬ በሄድሽ ጊዜ አሟሸሁልሽ እኮ። ተልባ ቀቀልሁባቸው፣ ጎመንዘር አሸሁባቸው። ሳይሟሽ ወጥ ጥደሽባቸው ነው እኮ እየተሰበሩ ያስቸገሩሽ። እንዳታፍሪ ብየ ነው ያልነገርኩሽ።"

ጠቆር ያለው ውስጣቸው። የጎመንዘሩ ሽታ። ስድስቱም። ቀዳዳውን የዘጋው እሳት አይደለም፤ ጎመንዘርና ተልባ ነው። ሴት ሁሉ አዲስ ድስት ቤቷ ሲገባ የምታደርገውን ነው ያደረጉት፤ እኔ ደግሞ በራሴ ውሸት ነው ያመጣሁት። ወደቀችብኝ፣ ወደቀችብኝ።

ምን አልኳቸው? "እግዜር ይስጥልኝ፣ ከዚያ ወዲህ አንድም አልተሰበረም" አልኳቸው። ዓይናቸው በደስታ እንባ አቀረረ። የቀረውን ዶሮ አወጡልኝ፤ በላሁት።

ሚያዝያ 8

አልደወልኩም። በዓል ነው። በበዓል ሰው አይረበሽም።

ሚያዝያ 11

ነገ እደውላለሁ።

ሚያዝያ 12

የዶክተር ስልክ አይሰራም። አንድ ጊዜ ነው የሞከርኩት።

ሚያዝያ 19፣ ዓርብ

አስቤበታለሁ። ብናገር እትዬ ዘርትሁን ሥራዬን እንዳበላሹ ይሰማሉ፤ በደግነታቸው ሊያዝኑ ነው። እኒህን እናት ላሳዝን? ዝም የምለው ለእሳቸው ስል ነው።

ደግሞስ ማን ያውቃል? ረጅም እሳት በእርግጥ አይዘጋም ያለ የለም። ምናልባት ሁለቱም ይዘጋሉ። ድስቶቹ ደቅቀዋል፤ ምስክር የለም።

ይህን ደግሜ ሳነበው የማን እጅ እንደጻፈው ገረመኝ።

ሚያዝያ 27፣ ቅዳሜ

አራተኛውን ምዕራፍ ጨረስኩ። "የአተኳኮስ ርዝመት በቀዳዳዎች ስፋት ላይ ያለው ተፅዕኖ።" አሥራ ዘጠኝ ገጽ፤ ሠንጠረዦቹ ያምራሉ። ዶክተር አነበቡትና ግሩም ነው አሉ። ድሮ እንዲህ ሲሉኝ ባጃጅ እይዝ ነበር። ዛሬ ሄጄ ተኛሁ።

ደጀኔ ምሳ ላይ ምነው ዝም አልሽ አለኝ። ደክሞኝ ነው አልኩት። "ድሮ ሲደክምሽም ትስቂ ነበር" አለ። ለዶክተር መናገርን ያን ያህል አልፈራም፤ እሳቸው ቢበዛ ይቆጡኛል። እሱ እንዳያውቅብኝ ግን በጣም እፈራለሁ። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

ግንቦት 6፣ ሰኞ

ነገርኩት።

ጠዋት ጉባኤው ላይ የማሳየውን ሥዕል እያተመልኝ ነበር። የጉብታዎቹ ሥዕል ከማተሚያው ሲወጣ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ በእጁ ይዞት ሳየው ተቀብዬ ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ጉባኤው ላይ ከማላውቃቸው ሰዎች ፊት እዋሽ ይሆናል፤ ይህን ሰው ግን ሥዕል እያስያዝኩ መዋሸት አልቻልኩም። ከ"ወደቀችብኝ" ጀምሬ እስከ ፋሲካ ድረስ ሁሉንም ዘከዘክሁት። ሳልቆም፣ ሳልተነፍስ።

"አውቃለሁ" አለኝ።

እንዴት? እናቱ ምጣድና ድስት አሟሽታ እየሸጠች ነው ያሳደገችው፤ ያን ሽታ ተኝቶም ያውቀዋል። መጋቢት 15 ቀን ማለት ነው፤ ሁለት ወር ሊሞላው። ታዲያ ለምን ዝም አልክ ብዬ ጮኽሁበት። እኔ፣ የዋሸሁት፣ እሱ ላይ!

"በመጀመሪያ ሆን ብለሽ ያሟሸሻቸው መስሎኝ ነበር። ለዶክተር ደውለሽ 'ረጅም እሳት ነው የዘጋው' ስትዪ ስሰማ ነው እንደማታውቂ የገባኝ። ልነግርሽ ስል ፋሲካ ሆነ፤ ከፋሲካ በኋላ ደግሞ ማወቅሽን አወቅሁ፤ ሳቅሽ ጠፋ። ከዚያ በኋላ አንቺ እስክትነግሪኝ ብጠብቅ ይሻላል አልኩ።"

"ባልነግርህስ?"

"ሥዕሉን አትሜ እሰጥሽ ነበር። ሌላ ሥዕል ግን አላትምልሽም ነበር።"

አለቀስኩ። ከዚያ፣ እግዜር ይይልኝ፣ ሳቅ መጣብኝ። ወር ሙሉ የታፈነ ሳቅ ነው። እሱም ሳቀ፤ ድምፅ አውጥቶ ሲስቅ ገና ዛሬ ሰማሁት። ሳቁ እንደ አስነጠሰ ሰው ነው።

ግንቦት 7፣ ማክሰኞ

ለዶክተር ደወልኩ። ሁሉንም ተናገርኩ።

"ከጉባኤው አስወጣሻለሁ" አሉ። "ሰኔ ላይ የምታቀርቢው ካለሽ አቅርቢ፤ ከሌለሽ አታቅርቢ፤ እኔ አልለምንልሽም። ከእንግዲህ ግን ያደረግሽውን ሁሉ ትጽፊዋለሽ። አንዲት ድስት ሳትቀር።"

ዴክስትራኑ ሊሟጠጥ ነው፤ የቀረው ለአንድ ዙር ብቻ ነው። ከአንድ እሳት የወጡ አሥራ ስምንት አዳዲስ ድስቶች ያስፈልጉናል፤ ዘጠኙ ጥሬ፣ ዘጠኙ የተሟሹ። "ያስፈልጉናል" ያልኩት እኔ አይደለሁም፤ ደጀኔ ነው ያለው። ዲግሪው በክር ተንጠልጥሏል፤ ልቤ ግን እንደ ጥጃ ይዘላል። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ግንቦት 9፣ ሐሙስ

እማማ ሠርክአዲስ ዘንድ ከደጀኔ ጋር ሄድን። ደርቀው እሳት የሚጠብቁ ድስቶች አገኘን፤ እዚያው ቆመን እያየን ሁሉም በአንድ እሳት ተተኮሱ። ባጃጁ እንደ ልማዱ መንገድ ላይ ሊያወርደን ሲል ደጀኔ "ለምን?" ብሎ ጠየቀው፤ በእርጋታ። ሹፌሩ ማርሹን መለሰና እስከ በር አደረሰን። ቤት ገብተን ሦስታችን ከአንድ ገበታ በላን። እማማ ሠርክአዲስ እኔን ትተው እሱን ያጎርሱት ጀመር።

ግንቦት 12፣ እሑድ

ከሁሉ የከበደው ዛሬ ነበር። እትዬ ዘርትሁን ዘንድ ገብቼ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ድስቶቹ አልወደቁም፤ ሆን ብዬ ነው የሰበርኳቸው አልኩ። ያሟሹልኝን ስድስቱንም አድቅቄያቸዋለሁ አልኩ። አሁን ደግሞ ዘጠኝ ያሟሹልኝ አልኩ፤ ልሰብራቸው።

ተልባ እየለቀሙ ነበር፤ እጃቸው ቆመ። ሥራዬን ማበላሸታቸው ብዙም አላሳሰባቸውም። የበደሉኝ መስሏቸው ያዝናሉ ብዬ ስንት ቀን ራሴን ያታለልኩበት ነገር ከአንድ "ውይ" አላለፈም። ያሳዘናቸው ሌላ ነው።

"ድስት ማሟሸት ቤት ማቆም ነው" አሉ። "ቤት አቁሜ እንዲፈርስ አልሰጥም። ጥሬውን ስበሪ፤ ያሟሸሁትን አትሰብሪም።"

ለመንኳቸው። ሳይንሱን ነገርኳቸው፤ አልሰሙም። ፈቃዴ ሰኔ 30 እንደሚያልቅ ነገርኳቸው፤ አዘኑ እንጂ አልተበገሩም። መጨረሻ ላይ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው፤ የቀዳዳዎቹን መዘጋት እኔ አገኘሁት ብዬ ለሰው እንዳወራሁ፣ ያገኙት ግን እሳቸው እንደሆኑ፣ አሁንም እሳቸው ካልረዱኝ ውሸቴ ብቻ ተጽፎ እንደሚቀር። የለቀሙትን ተልባ በጣታቸው ገፋ ገፋ አደረጉ።

"ስምንቱን ስበሪ" አሉ። "አንዷን አትነኪያትም። አንዷ ለጎጆሽ ትሆናለች።"

ጎጆ የለኝም አልኳቸው። እሱን ለኔ ተይው አሉኝና ጎመንዘሩን ሊያመጡ ተነሡ።

ግንቦት 15

እትዬ ዘርትሁን በጋውን ምትክ ነጠላቸውን አደግድገው ላቦራቶሪ መጡ! ተልባው ስንት ሰዓት እንደተቀቀለ ደጀኔ በሰዓት እየለካ መዘገበ፤ ጎመንዘሩን ስንት ጊዜ እንዳሹ እኔ ቆጠርኩ። ደጀኔ ቴርሞሜትር ሲከትባት ድስቷ ትኩሳት አላት እንዴ ብለው ጠየቁ። ሦስታችንም ጎመንዘር ጎመንዘር እየሸተትን ወጣን።

ግንቦት 21፣ ማክሰኞ

ጥሬዎቹ ዘጠኙ ወንፊት። የተሟሹት ስምንቱ፣ መካከለኛው ከትልቁ ጋር አብሮ ወጣ። ስምንቱም! እሳቱ አንድ ነው፤ ሸክላው አንድ ነው፤ ልዩነቱ የእትዬ ዘርትሁን እጅ ብቻ። የመጨረሻዋን የዴክስትራን ጠብታ የላክሁባት የስምንተኛዋ ድስት ውጤት ሲወጣ እስክስታ አልወረድኩም። የደጀኔን እጅ ያዝኩ። እሱ አልለቀቀም። እኔ ልልቀቅ አላልኩም። ፓምፑ በራሱ ጊዜ ቆመ።

ሰኔ 9

ምዕራፍ አራትን ከሥሩ ቀደድኩ። ጽሑፉ አዲስ ነው፤ ስሕተቱ አለበት፣ "ወደቀችብኝ" ሳይቀር። እጽፋለሁ፣ እጽፋለሁ፣ እንቅልፍ የለም፣ ደስ ይለኛል።

ሰኔ 20፣ ረቡዕ፤ ባሕር ዳር

ተፈተንኩ።

ደጀኔ ኮምፒውተሩን ተሸክሞ አብሮኝ መጥቶ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዶክተር ገብረ ሕይወት አንድም ጊዜ ፈገግ አላሉም። ጥሬውን፣ የተሟሸውን፣ ስሕተቴን ሁሉ ተናገርኩ። ከሌላ ዩኒቨርሲቲ የመጡት ፈታኝ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው እያንዳንዱን ቁጥር በጣታቸው ተከተሉ። ጥያቄያቸው አለቀ ብዬ ስተነፍስ ሠንጠረዡን መልሰው ገለጡ።

"ዘጠኝ ድስቶች ተሟሽተዋል ይላል ጽሑፍሽ። ሠንጠረዡ ላይ ያሉት ግን ስምንት ናቸው። ስምንት ጥሩ ውጤት ሰጥተውሽ ዘጠነኛዋ ያልተስማማችሽ እንዳይሆን። የት ደረሰች?"

ከዚህ ሁሉ በኋላ! የማይመች ውጤት ደብቃለች ሊሉኝ ነው። እውነቱን ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ እውነቱ ግን እትዬ ዘርትሁን ከወሰዷት ወዲያ የት እንደገባች አለማወቄ ነው። አላውቅም ብል አለቀልኝ። ዶክተር ዓይናቸውን ጨፈኑ። 

"እኔ ቤት ናት" አለ ደጀኔ ከኋላ።

ሁሉም ዞረ። እሱም ተነሥቶ ቆመ፤ ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

"ያሟሹት እናት ናቸው የሰጡኝ። የሁለታችሁ ናት ብለው። ለእሷ ከፈተናው በኋላ ልነግራት ነበር።" ትንሽ አሰበና ጨመረ። "ሰኞ ሽሮ ሠርቼባታለሁ። አላፈሰሰችም።"

መጀመሪያ የሳቁት ዶክተር ገብረ ሕይወት ናቸው። ከዚያ ክፍሉ በሙሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ፤ ፈታኝ ፊት ማለት ነው። ፈታኙ ሳቃቸው ሲያባራ ብዕራቸውን አነሡ። አልፈሻል አሉ፤ ግን አንድ ማስተካከያ አለ፤ ዘጠነኛዋ ድስት ለምን እንዳልተለካች በአንድ ዐረፍተ ነገር ይጻፍ፤ እስከ ዓርብ ይግባ።

በመልሱ አውቶቡስ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ቡሬ ላይ ሲቆም "ከሐምሌ ጀምሮ እዚህ ነሽ" አለኝ። ከፍኖተ ሰላም ሩቅ አይደለም አልኩት። "አይደለም" አለ።

ሰኔ 22፣ ዓርብ

ማስተካከያው አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው። ከጠዋት ጀምሮ እየጻፍኩ እሰርዛለሁ። ዘጠነኛዋ ድስት በላቦራቶሪ ባለሙያው ቤት ስለምትገኝ፤ ሰረዝኩ። ዘጠነኛዋ ድስት ለጎጆ ስለተፈለገች፤ ሰረዝኩ፣ ብቻዬን ሳቅሁ፣ መልሼ ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። እትዬ ዘርትሁን በበር አጮልቀው ዛሬም ምን ሰበርሽ አሉኝ።

በዘጠኝ ሰዓት ኢሜይሉ እንዲህ ሆኖ ሄደ፦ "ዘጠነኛዋ ድስት በአገልግሎት ላይ ስለሆነች አልተለካችም።"